«ዓይኑ ነው»

ሐኪሟ የኦቦ ፈየራን የዓይን ውስጥ ፎቶ በኮምፒውተሩ ላይ ስታሳያቸው፣ ሚስታቸው አዴ ድርቤ ቀይ አፈር ላይ የተዘረጋ የዛፍ ሥር የመሰለውን ነገር ትክ ብለው አዩት። «ዕድሜ ልኬን ዓይን ዓይኑን ሳየው፣ ይህ ሁሉ ደም ሥር የት ተደብቆ ነው?» አሉ። ኦቦ ፈየራ አጠገባቸው ተቀምጠው ፈገግ አሉ።

ሐኪሟም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «አዴ፣ ማየቱንስ ኦቦ ደህና ያያሉ። እኔን ያሳሰበኝ የደም ሥሮቹ መቅጠን ነው። እዚህ እንዲህ ሲሆን የአንጎሉም ደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ኦቦ ሰው ይረሳሉ እንዴ?»

አዴ ድርቤ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። በሰፈራቸው በጨለለቂ ሰላምታ የነፈገ ሰው ጥላቻ እንደያዘ ይቆጠራል። ባላቸው አብረዋቸው የሚጸልዩትን ሰዎች ሳይቀር ዝም ብለው ሲያልፉ፣ «ዓይኑ ነው፣ አትቀየሙት» እያሉ ከኋላ የሚለምኑት እሳቸው ነበሩ። ወደ ባላቸው ዞረው «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ሊሉ ከንፈራቸውን አላቀቁና ፈሩ።

«ልጄ፣ ወደምትልኪን ሆስፒታል እወስደዋለሁ» አሉ ወደ ሐኪሟ ተመልሰው። «መነጽር ግን እዘዢለት።»

«አዴ፣ መነጽር እኮ አያስፈልጋቸውም።»

«ለእሱ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለጎረቤት ነው።»