በቀይ የታረመው የእሜቴ ደብተር

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም... ለታናሽ እህቷ እንኳ።

ሰው ፊት አንገቷን የምትደፋ፣ ቀይ እስክሪብቶ ስትይዝ ግን ማንንም የማትምር ሴት ናት።

አራሚ ናት። ማተሚያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የሰው ስህተት ስትለቅም ትውላለች።

ቤት ውስጥ ሦስት ናቸው... እሷ፣ ከሰዓት ጠጋኝነት ጡረታ የወጡት አባቷ፣ እና ድመቷ።

ድመቷ የአንጀት ሕመምተኛ ናት። ዛሬ ደህና ውላ ነገ ትወድቃለች። ያልተስማማትን ከቀመሰች ታስመልሳለች፤ ሲብስ ምንጣፉ ላይ ትለቀዋለች። የእንስሳት ሐኪሙም "ይሄ የሚድን አይደለም፣ አብረውት የሚኖሩት ነው" ብሎ ቁርጡን ነግሯታል።

አባቷ "እሜቴ" የሚል ስም አወጡላት።

"እኔ በሰባ ዓመቴ ያላየሁትን ሐኪም፣ እሜቴ በአራት ዓመታቸው አዩት" እያሉ ይቀልዱባታል።

ማቀዝቀዣው ጎን በክር የተንጠለጠለ ደብተር አለ። ስንት ሰዓት በላች፣ ምን ያህል፣ አስመለሳት ወይ፣ ሰገራዋ ቀጭን ነው ወይስ ደረቅ... አንድም አይቀር።

ቀን ቀን ጸሐፊው አባቷ ናቸው። የሰዓት ሰው አይደሉ፣ ደቂቃ አያዛንፉም።

እሷ ደግሞ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ደብተሩ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዳንዱ መስመር በወንድ መጻፍ ጀመረ...

"3:10። ቁርሱን አልጨረሰም።"

"8:45። ምሳ በልቶ ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው።"

ፈገግ አለች። አባዬ አረጀ፣ ወንድና ሴት መለየት አቃተው ብላ አሰበች። ቦርሳዋን ከፈተችና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች...

"ቁርሷን አልጨረሰችም።" "አስመለሳት።"

በማግስቱም አረመች። በሳምንቱም። እጇ ለምዶበት ሳታስበው ታርም ጀመር።

አንድ ቀን እራት ላይ በጨዋታ አነሳችው። "አባዬ፣ እሜቴን ወንድ አደረግካት እኮ።"

አባቷ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። "እጄ ስቶ ነው" አሉ።

ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ከግማሽ በላይ ነበር። እሷም ሳህኑን አይታዋለች... ያየችው ግን ትርፉ ለድመቷ እንዳይጣል ለመጠበቅ ነው።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ እሜቴ ሰውነቷ ውኃ አጥሮት ክሊኒክ ተኛች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ። ድመቷ ቤት ስለሌለች፣ በነዚያ ቀናት ልጅቷ ደብተሩን ዞር ብላም አላየችውም። ሐሙስ ጠዋት ብቻ፣ ሐኪሙ ማየት ስለሚወድ ከክሩ ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓት ሐኪሙ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። ሐኪሙ ደብተሩን ገለጠው። ድመቷን አየ። ደብተሩን አየ።

"ማክሰኞና ረቡዕ እሜቴ እኛ ጋ ነበረች አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ይሄ ማነው?"

ደብተሩን አዞረላት።

"ማክሰኞ 2:30። የዋጠው አልወርድ አለው።"

"ረቡዕ 9:05። አስመለሰው። ጥቁር ነገር አለበት። ቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ በሳ።"

ቀበቶ...

እሜቴ ብለው የሚጠሯትን ድመት አባቷ በወንድ ሊሳሳቱ አይችሉም ነበር። ይህን ለመረዳት አንዲት ቀበቶ አስፈለጋት።

ወደ ኋላ ገለጠች። ገጽ በገጽ ቀይ ነው። አባቷ ስለ ራሳቸው የጻፉትን ሁሉ፣ በገዛ እጇ ድመት አድርጋው ኖራለች።

ቤት ስትደርስ አባቷ የእሜቴን ሳህን እያጠቡ ነበር።

"አባዬ... ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?"

ውኃውን ዘጉ። እጃቸውን ቀስ ብለው አደረቁ።

"አመመኝ ማለት አፌ አልለመደም፣ ልጄ። ደግሞ አንቺ በየቀኑ ሳትሰለቺ የምታነቢው እሱን ነው። እዚያ ብጽፈው ታይዋለሽ ብዬ ነው።"

"አየሁት እኮ... አየሁትና አረምኩት።"

አባቷ ሳቅ አሉ። "ካረምሽው ወዲያ ምን ልበል? ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ።"

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ሳይነሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ጥቁር እስክሪብቶ ያዘችና ያረመችውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዘች። "አስመለሳት" የነበረው እንደገና "አስመለሰው" ሆነ።

ሥራ ቦታ ደውላ እንደማትገባ ተናገረች። ከዚያ አባቷን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሟ "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?" ብላ ጠየቀች።

"ኧረ ይሄን ሰሞን ነው" አሉ።

ልጃቸው ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ "በወንድ የተጻፈው የእሳቸው ነው" ብላ ሐኪሟ ፊት አስቀመጠችው። ሐኪሟ አንገቷን ሳታቀና የስልሳ አንዱንም ቀን ጽሑፍ አነበበች። ዛሬውኑ ምርመራ እንዲጀመር ወረቀት ጻፈች። ደብተሩን ስትመልስ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም አየችና ግራ ገባት።

"እሜቴ ማን ናቸው?"

"ድመታችን ናት" አሉ አባቷ እያፈሩ። "ደብተሩን ያዋሰችኝ እሷ ናት።"

...

ወዳጆቼ፣ ድመቷን መንከባከቧ ጥፋት አልነበረም። ያን ያህል የሚያይ ዓይን ቤት ውስጥ እያለ አባትየው ተራ ለማግኘት ድመት መሆን ነበረባቸው... የሚያመው እሱ ነው። አመመኝ ማለት የማይችል ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ መንገዱ ስህተት ይመስለንና እናርመዋለን።

በእናንተ ቤት "ደህና ነኝ" ማለት የሚያበዛው ማነው? ሳህኑን ልብ ብላችሁ ያያችሁለትስ መቼ ነው?

እስቲ ጻፉልኝ... በወንድም ጻፉት በሴት፣ አላርማችሁም።