የደከመ እግር

ነርሷ ሰሞኑን ቀንም ሌትም ቆማ ነው የሰነበተችው። ታላቅ እህቷ ሁኔታዋን አይታ፣ «አንቺ ልጅ፣ በቁምሽ አለቅሽ እኮ!» አለችና ተራራው ላይ፣ ጫካ መሃል ያለች የእንጨት ጎጆ ተከራየችላት። ከሰዓት በኋላ አብረው ደረሱ። እህቷ ባልዲ አንጠልጥላ ወደ ምንጩ ስትወርድ፣ ነርሷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

ዓይኗ ሊከደን ሲል እህቷ ስትመለስ ሰማች። ጫማዋን አወለቀችላት፤ ብርድ ልብስ ደረበችላት፤ ከግርጌዋ ተቀምጣም ያበጠውን እግሯን ታሽላት ጀመር።

«እትዬ፣ ቶሎ ተመለስሽ» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ተኚ፣ የኔ ምስኪን።»

እንዲህ ያለ እረፍት ካገኘች ስንት ዘመኗ! እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሊወስዳት ሲል በሩ ተንኳኳ።

«ኧረ ክፈችልኝ!» አለች እህቷ ከውጭ፣ እያለከለከች። «ባልዲው እጄን ገነጠለው። ምን ሆነሽ ነው ከውስጥ የቀረቀርሽው?»

ነርሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ቀረች። እግሯን የሚያሸው እጅ አላቋረጠም።

«ተያት» አለ ያው የእህቷ ድምፅ ከግርጌዋ፣ እያባበለ። «አንቺ ደክሞሻል።»