ኮፈኑ ሞቆ ጠበቀን

«እጅሽን አምጪ... እዚህ ጋ አድርጊው!»

ባሌ መዳፌን ይዞ የፒክአፑ ኮፈን ላይ ለጠፈው።

ትኩስ ነው... ልብስ መተኮስ ይቻልበታል።

«አየሽ? አስነስታዋለች! እንዳትነኪው ብለን ለምነናት... አስነስታዋለች!»

ገና በጠዋቱ ሰው ግቢ ውስጥ ቆመናል። የመኪናው ሻጭ፣ አንዲት መምህርት፣ ፊታችን አንገቷን ደፍታለች።

ነገሩን ላስረዳችሁ...

ባሌ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ጀነሬተሩንና ብረቱን ተሸክሞ ከሳይት ሳይት የሚያዞር፣ ጉልበት ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ያስፈልገዋል። አዲስማ በሕልማችንም አይመጣ... የምንፈልገው ያገለገለ ነው።

ከዚህ በፊት አንድ ገዝተን ነበር። ሻጩ ቤት ቁልፉ ገና ሲነካ ተነሳ። በማግስቱ እኛ ቤት... ዝም!

ለካ ሰውየው ሳንደርስ አሙቆት ነበር። የደከመ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከሞቀ ያለ ችግር ይነሳል፤ ጉዱ የሚወጣው ጠዋት በብርድ ነው።

ያንን መኪና የሰፈራችን ጎረምሶች በየጠዋቱ ገፍተውታል። ጡንቻ ያወጡት በእኛ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ... ከዚያ ወዲህ ባሌ መኪና ሊያይ ሲሄድ መጀመሪያ የሚዳስሰው ኮፈኑን ነው።

ለዚህ ነው ለመምህርቷ ደውሎ «እህቴ፣ በጠዋት እንመጣለን፤ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳታስነሺው» ያላት።

«እሺ፣ ቃሌ ነው» ብላው ነበር።

«አንቺ ደግሞ አስተማሪ ነሽ!» አላት አሁን። «ልጆቹን የምታስተምሪያቸው ይሄንን ነው?»



ባሌ እጄን ጎትቶ ወደ በሩ ዞረ። ልከተለው ስል...

«ደህና አደራችሁ?»

ከቤት አንድ አዛውንት ወጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል።

ለሦስታችንም እጅ ነሱ። ለመምህርቷም ጭምር... እንደ እንግዳ።

«ልጄን ትምህርት ቤት አድርሻት መመለሴ ነው። ዛሬ መንገዱ ጭር ብሏል» አሉን ፈገግ ብለው።

መኪናውን አየሁት። ጎማዎቹ ዙሪያ የረገፈው ቅጠል እንኳ አልተረገጠም።

አባባ ተመልሰው ሲገቡ መምህርቷ እንባዋ መጣ።

«አባቴ ነው... መኪናውም የእሱ ነበር፤ ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። አሁን ሁሉንም ነገር ረስቷል። በየጠዋቱ ግን ሞተሩን ያስነሳል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። የግቢው በር ተቆልፎ፣ መኪናው እንደ ቆመ። ሲሞቅ "ደረስን አባዬ" እለዋለሁ። "ጎበዝ ተማሪ ሁኚ" ብሎኝ ይወርዳል።»

እንባዋን ጠረገች።

«የሚያውቀኝ እዚያ ጋቢና ውስጥ ብቻ ነው። ለእናንተ ቃል ስለገባሁ ቁልፉን ደብቄበት ነበር... "ልጄ ረፈደባት" እያለ አለቀሰ። አልቻልኩም፤ ሰጠሁት።»

«ታዲያ ለምን ትሸጪዋለሽ?» አልኳት።

የግቢውን በር አሳየችን። ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎብጧል።

«ባለፈው ማርሽ አስገብቶ ነዳው። ከበሩ ማዶ ልጆች ይጫወቱ ነበር... እግዜር አተረፋቸው። ሁለተኛ አይተርፉም ብዬ ፈራሁ።»

ባሌ ሄዶ የጎበጠውን ብረት ዳሰሰ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ... ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ይቅር በይኝ እህቴ። ሳላጣራ ክፉ ተናገርኩሽ። መኪናውን ልግዛሽ።»

ገዢ አገኘች። ግን ደስታ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ነገ ጠዋት ምን እለዋለሁ?» አለች... ለራሷ ነው የመሰለኝ።

ባሌ ጭንቅላቱን አከከ።

«እኔ እምልሽ... እኛ ሰፈር መንገዱ ጠባብ ነው፤ እንኳን ፒክአፕ ጋሪም አያስገባም። መኪናው እዚሁ ቢያድርልኝስ? ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን። ጠዋት መጥቼ እኔ እነዳለሁ፣ አንቺና አባባ ትቀመጣላችሁ። ትምህርት ቤትሽ አደርስሽና እሳቸውን ቤት መልሼ ሥራዬን እሄዳለሁ።»

ውሸቱን ነው፤ ያ የበፊቱ መኪናችን ደጃችን ያድር ነበር። ናፍጣ በጠብታ የምቆጥረው እኔ... ያለወትሮዬ አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ሞከረው። አንዴ ሲነካው ተነሳ! ባሌ የጎበጠውን በር አቃንቶ፣ በይዶ፣ ቀለም ቀባላት።

አሁን አባባ በየጠዋቱ ልጃቸውን የእውነት ትምህርት ቤት ያደርሷታል። ቀን ቀን አባባን የምትንከባከበው እህቷ እስኪመለሱ ቤት ትጠብቃቸዋለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ተማሪዎቿ እየሰሙ «ጎበዝ ተማሪ ሁኚ፣ እሺ?» ይሏታል።

«እሺ አባዬ» ትላለች። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ... አሁን ተሰልፈው ሰላም ይሏቸዋል።

እኛም ተመስገን ነው። ያ ፒክአፕ አንድም ጠዋት እምቢ ብሎን አያውቅም። ልጆቻችን የሚበሉት ከእሱ ነው። መምህርቷን በየቀኑ አመሰግናታለሁ፤ ያን ቀን እንደ ተሰደበች ከግቢዋ ብታስወጣን ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይገኝ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አባባ የባሌን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ በየቀኑ አስቸገርኩህ አይደል? የኔ መኪና ጋራዥ ገብቶብኝ ነው እንጂ...»

በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ጋቢና ተቀምጠው!

ባሌ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ኧረ ምንም አይደል አባባ... መንገዴ ነው።»

የሥራው መንገድ በተቃራኒው ነው።

ወገኖቼ... ሰው ቃሉን የሚያጥፈው ሊያታልል ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ከቃሉ የሚበልጥበት ሰው ቤቱ አለ። ኮፈኑ ሞቆ ስታገኙት ከመፍረዳችሁ በፊት «ምን ገጥሞሽ ነው?» በሉ።

እናንተስ... «መንገዴ ነው» ብሎ ዋሽቶ፣ ከመንገዱ ወጥቶ ያደረሳችሁ ሰው ማን ነው? እስኪ ዛሬ ኮሜንት ላይ አመስግኑት።