የበጀት ኃላፊው በድልድዩ ላይ

የበጀት ኃላፊው በእንጨቱ ድልድይ መሐል ቆሞ ሁለቴ ዘለለ። የረጅሙ የእግረኞች መንገድ ጠባቂ እጆቿን አጣምራ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ለመስማት ጠበቀች። ኃላፊው ብልሽቱን በዓይኑ ካላየ መንግሥት ለመንገዱ ጥገናና ጥበቃ ገንዘብ አይመድብም። ድልድዩ ግን ዝም አለ።

«ይሄ እኮ ዝሆን ይሸከማል» አለ ኃላፊው እየሳቀ። «በጀቱን ወደ ሌላ እናዙረው፣ እህቴ።»

ወደ አናጺው ባሏ ዞረች። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነበር። «ሳንቃውን ትናንት ቀየርኩት» አለ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «እንግዳ ሲወድቅ ቆሜ ልይ እንዴ?»

ወደ ኃላፊው ተመለሰች። «ጌታዬ፣ ከዛፎቹ ማዶ ሌላ ድልድይ አለ። እሱንም ይዩልን።»

ባሏ ክንዷን ያዘ። «ያኛውን አልነካሁትም። በስብሷል።»

«አውቃለሁ» አለች እጁን እያስለቀቀች። «እኔ እቀድማለሁ።»