ሦስተኛው ሴንቲሜትር

ጋሼ ሽቦ ጓንታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉና መፍቻ አነሱ። ሽቦ ያልናቸው ለቅጥነታቸው ነው፤ የቤተ ሙከራችን አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ብሎን ላልቶ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ቁጥር አይመጣም እያሉ ወደ ማሽኑ ሄዱ።

ማሽኑ ወገቡን በወፋፍራም የመዳብ ጥቅል የታሰረ ረጅም የብረት ቱቦ ነው። በመዳቡ ኤሌክትሪክ ስንለቅ መግነጢስ ይፈጠርና ውስጡ የጋለውን ጋዝ፣ ፕላዝማውን፣ ግድግዳ እንዳይነካ መሀል ላይ ይይዘዋል። የእኛ ሥራ ሙቀቱ ከመሀል ወደ ዳር በምን ፍጥነት እንደሚያመልጥ መለካት ነው። መርፌ የምታክል መለኪያ ሴንቲሜትር በሴንቲሜትር እየገፋን እናነባለን። ያን ቀን ሦስተኛው ሴንቲሜትር ላይ ሙቀቱ ካሰብነው በአራት እጥፍ ፈጥኖ ደረሰ። ሙቀት እንደ አማት ነው፣ በር ቢዘጉበት በመስኮት ይገባል እያሉ ሲቀልዱ የኖሩት ጋሼ ሽቦ፣ የዛሬውን ግን በብሎን አሳበቡ።

እኔ መዝገቡን ሳብኩ። ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ካልተራገፉ መዳቡን የነካ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ ከየሙከራው በኋላ፣ ሲራገፉ የቀረውን ቮልት ከቆጣሪው አንብበን እንጽፋለን። ጠዋት አርባ፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ ሁለት ይላል። ከምሳ ወዲህ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ድፍን ዜሮ ብሎ አያውቅም።

ቀና ብዬ ቆጣሪውን አየሁት። ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። ቆጣሪው ተበላሽቶ ከሆነ ካፓሲተሮቹ እንደሞሉ ናቸው። መናገር ነበረብኝ፤ ግን ማን ያምነኛል? ባለፈው ሳምንት የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ ብዬ ሥራ አስቁሜ፣ የዘበኛው ሸሚዝ በካውያ መቃጠሉ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ሳይረን» ሆኗል። ጋሼ ሽቦ ደግሞ ይህን ሥራ ሲጀምሩ እኔ ገና አልተወለድኩም።

ክንዳቸው በመዳብ ጥቅሎቹ መሀል እስከ ክርናቸው ገባ።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ቆጣሪው ዜሮ ይላል፣ ሳይረን ዛሬ ደግሞ ምን ሸተተሽ አሉኝ።

«ከምሳ ጀምሮ ዜሮ ነው የሚለው። እጅዎን ያውጡ። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።»

ያኔ ዞረው ፊቴን አዩ። መዳቡን ላለመንካት ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ክንዳቸውን ጥቂት በጥቂት ሳቡት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማራገፊያ ዘንግ አወረድኩ። እጀታው ረጅም ፕላስቲክ ነው፤ የብረት ጫፉ በወፍራም ገመድ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ካፓሲተሮቹ ተራግፈው ከሆነ ምንም አይሰማም፣ እንደገናም መሳቂያ እሆናለሁ። እንዲያ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። ጫፉ መዳቡን ሁለቴ ሳተው።

ሲነካ ክፍሉ ነጭ ሆነ። ፍንዳታው ደረቴን መታኝ፤ ዘንጉ ከእጄ ወደቀ።

ጆሮዬ ሲከፈትልኝ ጋሼ ሽቦ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ቤት ልደውል አሉኝ። የሳቸውን ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ረስተውት የእኔን ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው አንስተው፣ ምነው በሥራ ሰዓት፣ ምን ሆንክ ሲሏቸው ይሰማኛል።

«ምንም» አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ እየዘረጉ። «እንዲያው ነው።»