ከጳውሎስ እስከ ሳኦ ፓውሎ

ከቦሌ ተነስቶ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ለመድረስ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጉለሌ፣ ጳውሎስ አካባቢ ይህን የማያውቅ የለም። ሾዴ ከስልኳ ላይ ያነበበችው ዕለት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንኳ ሳይቀር ሰምቷል።

ያስነበቧት ጎረቤቷ ወይዘሮ ማሚቴ ናቸው። ልጃቸው ሄርሜላ ከዚያ ከተማ መጥታ ይዛቸው ልትሄድ ነው፤ የቪዛው ጉዳይ አልቋል። ጉለሌን ለቅቄ የትም አልሄድም ቢሉ፣ ብቻሽን አልተውሽም ብላ ድርቅ አለች። ሄርሜላን ተከራክሮ የረታ ፍጡር ገና አልተፈጠረም። በዚያ ላይ በቀን አርባ ጊዜ ትደውላለች። ማሚቴ ጓዳ ገብተው ቢያስነጥሱ «ይማርሽ» የሚባሉት ከብራዚል ነው።

ኋላ ግን ማሚቴ መከራከሩን ተዉት። ጭራሽ ስለ በረራው ማጥናት ያዙ። ሄርሜላ መንገድ ላይ አርፎ የሚነሳ ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብትላቸው፣ ከምትንገላቺ በቀጥታ የሚመጣውን ቁረጪ ብለው ተቆጧት። ሾዴን ደግሞ ስልክ ሰማይ ላይ ይሠራ እንደሆነ ጠየቋት። ይዘጋል ስትላቸው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ፈርተው ነው» አለች ሾዴ ለመንደሩ።

ከዚያ ወዲያ መሰናበት ጀመሩ። ሽሮ ሜዳ ሄደው አዲስ ነጭ ቀሚስ ከነነጠላው አሠሩ። የንስሐ አባታቸው ቤታቸው ተመላለሱ። ያኮረፉትን ጎረቤት ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። መንደሩ ከአሁኑ እንባውን ያብስ ጀመር።

ይበልጥ የታዘነላቸው ግን አቶ ቶለሳ ናቸው፤ ከጉለሌ እጽዋት ማዕከል ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ የማሚቴ የጨዋታ ጓደኛ። ይባስ ብሎ ከኖኅ መርከብ በፊት በተሠራችው ፎልክሳቸው ቦሌ የሚያመላልሷቸውም እሳቸው ሆኑ።

«አቶ ቶለሳ፣ እንዲያው ዝም ብለው ሊሸኟቸው ነው?» አለቻቸው ሾዴ።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው? እኔ ሹፌር ነኝ።»

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ሄርሜላ ደወለች። አውሮፕላን ውስጥ ገብታለች፤ ስልኳን ልትዘጋ ነው። ማሚቴ በሰላም ያግባሽ ብለው ስልኩን ስመው አስቀመጡት።

ማታ ሄርሜላ ቦሌ አረፈች። ከእናቷ ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ አቶ ቶለሳ ሻንጣዋን ጫኑ። ፎልክሷ ገና ሳትነሳ ሄርሜላ ጀመረች። ቤቱ ይከራያል፣ ዕቃው ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይበራል። ማሚቴ በመስኮት እያዩ ያዳምጧታል።

«በቃ፣ እማዬ። ከእንግዲህ አንድም ሌሊት ብቻሽን አታድሪም።»

«አላድርም፣ ልጄ» አሉ ማሚቴ። «ዛሬ ጠዋት፣ አንቺ ሰማይ ላይ ሳለሽ፣ እኔና አቶ ቶለሳ በቁርባን ተጋብተናል።»