የለሜሳን ዛፍ ማን ላጠው?

ለሜሳ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ያሸነፈው ሰው የለም። ደላሎች ሞክረውታል። ሀና ማርያም ከሚገኘው ግቢው ጫፍ፣ አጥሩ ሥር የቆመውን ትልቅ የሆሚ ዛፍ ቁረጥና የሚከራይ ሰርቪስ ሥራበት እያሉ ሦስት ዓመት ተመላልሰዋል። «አባቴ የተከለውን ከምቆርጥ እጄን ብቆርጥ ይሻለኛል!» ብሎ በዱላ ነው የሸኛቸው።

ሐኪምም ሞክሮታል። አምና ሌሊት አምስቴ ስድስቴ ለሽንት መነሳት ጀመረ። ቆሞም ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይወርድለትም። ሚስቱ እማዋይሽ ለምና፣ ተለማምጣ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ «ፕሮስቴት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጓንቱን ሲያጠልቅ ለሜሳ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ቀድሞ የተጻፈለትን የምርመራ ወረቀት መንገድ ላይ ቀዶ ጣለው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችው እማዋይሽ።

«ምን ደበቅኩ? አረጀሁ እንጂ አልታመምኩም! ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ!»

እማዋይሽም ሁለተኛ አላነሳችበትም። ላሟን ታልባለች፣ ሻዩን ታፈላለታለች።

ጎረቤታቸው ጋሼ ከበበው የእሱ ተቃራኒ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የሽንቱን ጉዳይ ከማንም አይደብቅም። ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ከተሳፈረ፣ ሰፈሩ ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወደ አጥር ሥር የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ረዳቶቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። የማይሞክረው የለም። የዱባ ፍሬ ይቆረጥማል፤ የሳማ ሥር አፍልቶ በፔርሙዝ ይዞ ይዞራል።

አንድ ቀን ለሜሳ ግቢ ገብቶ የዛፉን ግንድ መታ መታ አደረገው።

«ለሜሳ፣ ይሄ እኮ ጥቁር እንጨት ነው! ለእኛ ሕመም ቅርፊቱን እያፈሉ ይጠጡታል አሉ። መዳፍ የምታህል ብቻ ስጠኝ። ለአንተም ትበጅሃለች።»

«ለእኔ? እኔ ምን ሆንኩና!» የለሜሳ ደም ፈላ። «የአባቴን ዛፍ ልጬ ከምጠጣ ሞቴን እመርጣለሁ። ከዚህ ዛፍ ስንጥር የነካ ሰው ደመኛዬ ነው፣ ሰማህ?»

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለች እማዋይሽ፣ የወተት ዕቃዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ዛፉ ተላጠ።

ከመንገድ በማይታየው፣ ወደ ግቢው በዞረው ጎኑ በኩል ነው የተላጠው። ክንድ የሚያህል ቀጭን ልጥ ከላይ ወደ ታች ተነስቷል። ቁስሉ ላይ ትኩስ እበት ተለድፎበታል።

«ይሄ ሌባ መቀለዱ ነው! ሰርቆኝ ሲያበቃ እበት ለድፎ ሊሸፍንብኝ!» አለ ለሜሳ። ከንዴቱ የተነሳ የጠዋት ሻዩ እንኳን መረረው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ልጥ ይጎድል ጀመር። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደማይተርፍ ለሜሳ ከልጅነቱ ያውቃል። በጣቱ እየለካ ስንት ጎን እንደቀረው ያያል። ከአባቱ የቀረው ይህ ዛፍ ብቻ ነው።

«ድሮ ሌሊት ሌሊት ስነሳ ድመት እንኳን አያመልጠኝም ነበር» ይላል ለሰፈሩ ሰው። «አሁን እንቅልፍ ሲጥለኝ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ግን አልለቀውም!»

ሌባውን ለመገመት ደግሞ ጠንቋይ አያስፈልግም። ለሜሳ ከበበውን መንገድ ላይ አስቆመው።

«እዚያ ፔርሙዝ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ሳማ ነዋ! ቅመሰው።»

«ከሌባ እጅ አልቀምስም!»

ከበበው ፊቱ ቀላ። «አንተ ሰውዬ፣ ቅርፊትህን ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እንደ ውሻ በየአጥሩ ሥር እቆም ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ግን ማንም አላመነውም። ቅርፊቱን የለመነው እሱ፣ የታመመው እሱ፣ ፔርሙዝ ይዞ የሚዞረው እሱ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ሁሉ ቀዘቀዘበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሜሳ ሰፈሩን ዛፉ ሥር ሰበሰበ። ሽማግሌ ሲረግም ቀልድ የለም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጠበቁ። ከበበውም ፔርሙዙን ይዞ መጣ፤ አልሸሸም። ከፊት ቆመ።

ለሜሳ መሬቱን በዱላው መታ።

«የዚህን ዛፍ ቅርፊት የጠጣ ሰው ሽንቱ ይታገት! የጠጣው ውሃ አይውጣለት! ሐኪም አይድረስለት!»

«እሳት ላይ የጣድኩት አለ» ብላ እማዋይሽ ወደ ቤት ሮጠች።

«አሜን!» አለ ሰዉ።

ከሁሉም በላይ የጮኸው ከበበው ነው። «አሜን! እንደገና አሜን!» አለና የለሜሳን ዓይን ትክ ብሎ አየው።

«ዓይን አውጣ!» አለ ለሜሳ። ያም ሆኖ ልቡ ረካ። ዛፉ ከእንግዲህ ተረፈ፤ እርግማን ደፍሮ የሚልጥ የለም። ደረቱን ነፍቶ ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«እማዋይ! ሻዬን አምጪ፣ ዛሬ ደስ ብሎኝ ልጠጣ!»

እማዋይሽ ብርጭቆውን ይዛ መጣች። እጁን ሲዘረጋ አልፋው ሄደችና ደጃፉ ላይ ደፋችው። ከዚያ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«መጀመሪያ እርግማንህን አንሳ፤ ከዚያ ትጠጣለህ።»